ዲዛይነር ጓደኛዬን ተከትዬ መንዝ

ጓደኛዬ ዲዛይነር ናት፣ ምንጣፍ፣ የትራስ ልብስ፣ የሶፋ ጨርቅ ምናምን ነው የምትሰራው። እኔ ደግሞ ካሜራ አለኝ፣ ወሬም እወዳለሁ። ስለዚህ "መንዝ ዝተት የሚሰሩ ሰዎች ጋ ልሄድ ነው፣ ነይ" ስትለኝ ጋቢዬን ጠቅልዬ ተከተልኳት። ዝተት ማለት ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ጨርቅ ነው። ይሄ እንግዲህ ከኮቪድ በፊት ነው፣ በዛ መስመር ሰው ያለ ሐሳብ ይመላለስ በነበረበት ጊዜ።

ከላምበረት በጠዋት ተነስተን ሸኖ ላይ ያው የግድ ቆምን፣ የሸኖ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ ተሳፋሪ የለማ፣ ከዛ በኋላ መኪናው እስከ መጨረሻው ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ጫጫ አካባቢ ስንደርስ ጓደኛዬ ወደ አንጎለላ በኩል በእጇ እያሳየችኝ አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዛ እንደሆነ ነገረችኝና በዛው ስለ 1900 ዓ.ም. አዋጃቸው ጀመረች። ሸማኔውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ባለ እጁን ሁሉ በሙያው መስደብ የከለከሉበትን ማለት ነው። "ስድቡ ቀንሷል" አለች፣ "ንቀቱ ግን ስልጠና ሆኖ መጥቷል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸምን የኖረን ሰው አንዱ ከከተማ ይመጣና አቅምህን ልገንባልህ ይለዋል፣ ምሳ ያበላዋል፣ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ አለቀ።" እዚህ ላይ እኔ ካሜራዬን ወደ ቦርሳዬ መለስ አደረግኩ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ግን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ከመኪና ስትወርዱ ብርዱ በጥፊ ነው የሚቀበላችሁ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚሁ ነው ያለው፣ ለዚህ ከተማ ከዚህ የተሻለ ፋብሪካ የሚስማማው አይመስለኝም። ምሳ በልተን አለፍን። ጣርማ በር ላይ የደሴውን አስፋልት ትተን ወደ ግራ፣ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ከዛ መሐል ሜዳ። ስለ መንገዱ ባላወራ ይሻላል፣ ወገቤ ያውቀዋል።

የሄድንባቸው ሸማኔ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። በማግስቱ ስንገባ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው እየሸመኑ ነበር፣ ባለቤታቸው ደግሞ በር ላይ ፀሐይዋን ይዘው እንዝርት ያሾራሉ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ መጣ፣ ስለ ዝናቡ ስለ ገብሱ ተወራ፣ ከዛ በኋላ ነው ጓደኛዬ ወረቀቷን ያወጣችው። ኮምፒውተር ላይ የሰራችው ዲዛይን ነው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ለሚሆን ምንጣፍ። እውነቱን ለመናገር ወረቀት ላይ በጣም ያምራል።

ጋሼ ወረቀቱን ትንሽ አዩትና ምንም ሳይሉ ያጥፉት ጀመር። አንዴ አጠፉ፣ ደግመው አጠፉ፣ በጥፍራቸው ጫን ጫን አድርገው መስመሩን አወጡና ዘርግተው መሬት ላይ አስቀመጡት። "ይሄውልሽ ልጄ፣ የኔ ዕቃ ስፋቱ አንዷ እጥፋት ናት። የቀረውን በስፌት ነው የማያይዘው። ክብሽ እዚህ ጋ ይቆረጣል፣ እዚህም ጋ ይቆረጣል። የበግ ጠጉር ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ቁራጭ እኩል አይሰበሰብም። እንዴት አድርጌ ላጋጥምልሽ?" ጓደኛዬ ዝም አለች። ስቱዲዮዋ ቁጭ ብላ ስንት ሌሊት ያደረችበትን ነገር እሳቸው በጥፍራቸው ጨረሱት።

እኔ በቃ ጉዞው እዚህ ጋ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን እርሳስ አወጣችና በእጥፋቶቹ መሐል ክቡን ቆራርጣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አዛነፈችው፣ "አንቱ እንደሚሉት የማይገጥም ከሆነ አውቀን እናዛንፈው" አለቻቸው። ጋሼ ሳቁ። "ሰው አይቶ አረጀ፣ ስፌት ሳተ ይለኛላ!" ግን እምቢ አላሉም። ክቡንም እንደዛ ለስለስ አድርጎ ማውጣት እንደማይቻል፣ ደረጃ ደረጃ እየሰሩ በእጅ ክር እየለቀሙ ማስገባት ብቻ እንደሚቻል አስረዷት። እስኪመሽ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው በክንድና በስንዝር ሲለኩ ዋሉ። ቅድም የነበረው ዲዛይንና ማታ የነበረው ዲዛይን አይተዋወቁም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ የማታው በብዙ ይበልጣል።

ቀለም ላይም እንደዛው። እሷ ቀይና ሰማያዊ ይነከር ስትል እማማ ተነስተው ከጓዳ ጠጉር የሞላበት ጆንያ አመጡና ዘረገፉት፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡላ፣ ዳልቻ፣ ሁሉም በጉ እንደተሸለተ። "እግዜር የነከረው እያለ" አሉ። በነገራችን ላይ ስለ ዕደ ጥበብ ሲወራ ሁሉም ሸማኔ ሸማኔ ይላል እንጂ ፈታይዋን የሚያነሳ የለም፣ ሸማኔው ግን ያለሷ አንድ ክንድ አይራመድም። ጓደኛዬ ክሩ ቀጠን ይበል ስትል ሥራው የጨመረው እማማ ላይ ነው። "እሱ ይመሰገናል፣ እኔ ጣቴን አያለሁ" አሉ እየሳቁ፣ ግን ሳቁ ውስጥ ነገር ነበረው። የፈትሉ ዋጋ ለብቻው ተቆርጦ ለእሳቸው በእጃቸው እንዲሰጥ የተስማማነው በዚህ ምክንያት ነው።

የገንዘቡ ወሬ ሌሊቱን ወሰደ። ጋሼ ከዚህ በፊት ሰዎች መጥተው ናሙና አሰርተዋቸው፣ ትዕዛዙ ይመጣል ብለው ሄደው በዛው እንደቀሩ ነገሩን። ናሙናውስ ተከፈለዎት ወይ ስንላቸው "ሙከራ ነው ተባልኩ፣ ሙከራ ደግሞ እህል አይሆንም።" ለዲዛይነር ሙከራ ማለት ወረቀት ቀዶ መጣል ነው፣ ለሸማኔ ግን ጠጉር፣ ፈትልና ከእርሻ ላይ የተነሳ ቀን ነው። ስለዚህ ናሙናው ላይ ተበላሸም አማረም በቀን ሂሳብ ይከፈል ተባለ። ጓደኛዬ ምንጣፉ ምልክት ላይ የእሷም የጋሼም ስም ይጻፍ ያለችው ደግሞ ዝም ብሎ ለደግነት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን የሚጠብቀው አዲስ ሲሆን ነው፣ ድሮ የነበረው የዝተት አሠራር አዲስ አይደለም፣ አዲሱን ንድፍ ደግሞ ለማስመዝገብ ቀድሞ ቢሮ የሚሄደው ወረቀት የለመደው ከተሜ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ በእጅ ተጽፎ፣ በምስክር ተፈርሞ፣ ለሁለቱም አንድ አንድ ቅጂ።

በማግስቱ ጓሳ ወደሚባለው የመንዝ ሳራማ ደጋ ሄድን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አይቼ ነፍሴን አላውቅም፣ እሷ ግን አይኗ ሳሩ ላይ ነው። ከጓሳ ሳር የሚሰራውን ገሳ፣ ዝናብ የማያስገባውን የእረኛ ካባ፣ ቦርሳ ላደርገው ነው አለች። አብሮን የነበረው የአካባቢው ልጅ ሳሩ ዝም ብሎ እንደማይታጨድ ነገራት። የመንዝ ሰው ጓሳን ቄሮ በሚባል የራሱ የጋራ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈርሶ ሳሩም አብሮ ተጎድቶ ነበር፣ አሁንም አጨዳው በማህበረሰቡ ደንብ ነው። አንድ ሱቅ በወር ይሄን ያህል ይድረሰኝ ስላለ አይከፈትም። ቦርሳው በዛው ቀረ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ምንጣፎቹ ከዛ በኋላ በመኪና ተጭነው ላምበረት መምጣት ጀመሩ። ይሸጣሉ፣ ግን ደንበኛ በግ በግ ይሸታል ብሎ ያማርራል። ጓደኛዬ ደውላ በእንዶድ ደጋግመው ይጠቡልኝ አለች፣ ጋሼ ደግሞ "ቅባቱ ከወጣ ዝናብ ያስገባል" ብለው እምቢ አሉ። ሳሎን ውስጥ ዝናብ የለም ብትላቸውም አልሰሟትም፣ ከሳቸው እጅ ዝናብ የሚያስገባ ዝተት ወጥቶ አያውቅማ። ለጊዜው አንዴ ብቻ ይታጠባል፣ የእንዶዱም የእጥበቱም ዋጋ ለብቻው ነው ብለዋል።