ሰባት ቁጥር

ትናንት ማታ ባለቤቴ ካርታውን እየበወዘች «በል፣ ለሁለት የሚሆን ጨዋታ ምረጥ» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ እየገለጡ ትልቅ ቁጥር ያወጣ የሚወስድበትን መረጥኩ። ነገሩ ሁሉ ዕድል ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አዛጋች።

ከዚያ ጂን ራሚ ጀመርን። ለእያንዳንዳችን 10 ካርታ፤ አንድ መሳብ፣ አንድ መጣል። ተመሳሳይ ቁጥር ወይም በአንድ ምልክት ተከታታይ ቢያንስ ሦስት ሦስት ይሰበሰባል። ያልገጠሙት ካርታዎች ድምር ከ10 ካልበለጠ ጠረጴዛውን አንኳኩቶ መዝጋት ይቻላል።

ሁለት ሰባት ይዤ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። አይመጣም። ድንገት ኳ ኳ አደረገች። ካርታዋን ስትዘረጋ ያልገጠመው አንድ ብቻ ነው፤ ሰባት!

«ምን ይሠራልሻል?»

«ቅድም ከተጣለው ላይ ሰባት ስታነሳ አይቼሃለሁ።»

ቁልፏን የት እንዳስቀመጠች በየቀኑ የምትጠይቀኝ ሴት እኮ ናት!

አራት ሆነን ስንጫወት የማየው የራሴን እጅ ብቻ ነበር። ሁለት ስንሆን ግን መደበቂያ የለም። ያነሳኸውም የጣልከውም ይታያል፤ ዝምታህም ጭምር።

ዛሬም እንጫወታለን። ሰባት ቢመጣልኝ ፊቴን አልለውጥም ብያለሁ።