ስም ከፓስፖርቱ ግርጌ ይቀዳል፦ ዘጠኝ ሆነን ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ

ዘጠኝ ነበርን፤ ስድስቱ ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ሦስቱ ከአሜሪካ። ሰባት ሌሊት፦ ሮም አራት፣ ፍሎረንስ አንድ፣ ቬኒስ ሁለት። ትኬት ቆራጩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ በመጨረሻ ተወቃሹም እኔ ነበርኩ። ባቡሩም ሆቴሉም ደህና ሄደ። የተበላሸው የስም ዝርዝሩ ነው። ቀደም ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

ቪዛው ላይ ብዙ አልቆይም። ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ቆንስላ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ደንቡ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ድረስ ማመልከት ይቻላል ይላል፤ አትስሙት። በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 2024 በወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከት የሚቻለው ከስድስት ወር ጀምሮ ነው፤ እኔ አራት ወር ሲቀረን ጀመርኩ፣ ትርፍ አልነበረውም። በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ «መሀል ላይ ለንደን እህቴ ጋ ብቅ ብዬ ልመለስ» የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ ንገሩት፤ ለንደን ይህ ቪዛ ከሚሠራበት የሼንገን አገሮች ክልል ውጭ ናት፣ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ስዊዘርላንድ ግን ሼንገን ውስጥ ስለሆነች ችግር የለባትም።

አሁን ወደ ጉዱ።

ዝርዝሩን ያሰባሰብኩት በቴሌግራም ነው። «ሙሉ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ላኩልኝ» አልኩ፤ ላኩ። ጥፋቱ እዚያው ተጀመረ። ለእኛ ሙሉ ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የመግቢያ ትኬት ቅጹ ደግሞ ያለው ሁለት ሳጥን ነው፤ አንዱ መጠሪያ ስም፣ ሌላው የቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን እያንዳንዱ የመሰለውን ላከ። አንዱ የአባቱን፣ ሌላዋ የአያቷን፤ አንዱ ደግሞ ሁላችንም የምንጠራበትን የቤት ስሙን፣ ፓስፖርቱ ላይ ሽታውም የሌለውን። ለቪዛው ሁሉም ፓስፖርቱን ከፊቱ አስቀምጦ የራሱን ፎርም ስለሞላ ስህተቱ እስከ በሩ ድረስ ተደብቆ ቆየ። እኔም በላኩልኝ ስም ዘጠኙንም ትኬት በአንድ ምሽት ቆረጥኩ፤ ደስ ብሎኝም አደርኩ።

ጉዱ የፈላበት ቦታ ትኬቱ በስም የሚቆረጥ፣ መግቢያ ሰዓቱም በደቂቃ የተወሰነ ትልቅ ጥንታዊ ስፍራ ነው። በር ላይ ያለችው ሠራተኛ ፓስፖርቱን በአንድ እጇ፣ የእኔን ስልክ በሌላው ይዛ በአውራ ጣቷ ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። ሰባቱ አለፉ። ስምንተኛው ጋ ጣቷ ቆመ፤ የቤት ስም የላከው ነው። ለእሱ መከራከሪያ የለኝም። ዘጠነኛዋ ግን የ68 ዓመት እናት ናቸው፤ ትኬታቸው ላይ የአባታቸው ስም አለ፣ ፓስፖርታቸው ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የሰፈረው ግን የአያታቸው። የአባታቸው ስም እኮ እዚያው ገጽ ላይ፣ ከራሳቸው ስም ጎን ተጽፏል! በጣቴ አሳየኋት። አየችው። «ይሄ የቤተሰብ ስም አይደለም» አለችና ፓስፖርቱን መለሰች።

ወደ መረጃ መስኮት ላኩን። የመረጃ መስኮቱ ወደ ትኬት መስኮት። የትኬት መስኮቱ «በኢንተርኔት የተቆረጠ የሚታረመው በኢንተርኔት ነው» አለ። ኢንተርኔቱ ደግሞ የጉብኝቱ ቀን ስለደረሰ ማረሚያውን ዘግቶታል። እንዲህ ስንዞር 40 ደቂቃ ሄደ፣ ሰዓታችን አለፈ፣ የዕለቱ ትኬትም አልቋል። ሁለቱ ውጭ ቀሩ። ደንቡ ትኬት እየሰበሰቡ በውድ የሚቸረችሩትን ለመከላከል የወጣ ነው፤ ገባኝ። ግን ነጠላቸውን ያጣፉ እትዬ የትኛውን ትኬት ሊቸረችሩ ነው? እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከሠራተኛዋ ይልቅ በራሴ መናደድ እንዳለብኝ ባውቅም።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው። ማንም ስሙን በጽሑፍ እንዲልክ አትጠይቁ፤ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ከገጹ ግርጌ በትልልቅ የላቲን ፊደል ሁለት መስመር አለ። የመጀመሪያው በ«ፒ» ይጀምራል፤ ሦስት ፊደል የአገር ኮድ ይከተላል፤ ከዚያ ስሙ ይመጣል። ሁለት የማዕዘን ምልክት (<<) ተደርድሮ እስክታዩ ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ የአባት ይሁን የአያት አትጨነቁ። ከሁለቱ ምልክቶች በኋላ ያለው ሁሉ መጠሪያ ስም ነው፤ ነጠላው ምልክት ክፍት ቦታ ማለት ነው። በሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ ይህንኑ እንዳለ ጻፉ። በጆሮ አትጻፉ፤ «ፀሐይ» አንዷ ጋ በ«ቲ»፣ ሌላዋ ጋ በ«ኤስ» ትጀምራለች። ሲያልቅ ሌላ ሰው ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል እያነበበ እናንተ ከዝርዝሩ አመሳክሩ። ለዘጠኝ ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ልደቱም እንደዚሁ ነው። በሁለተኛው መስመር ከዜግነት ኮዱ ቀጥሎ ስድስት አኃዝ አለ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። በቃል የሚላክ ልደት ግማሹ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚመጣው። የእኛ ልጅ «2000 ዓ.ም.» ብሎ ላከ፤ 17 ዓመቱ ነው፣ ቅጹ ላይ ግን የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆነ። የሮም ጥንታዊ ስፍራዎች ኮሎሲየም፣ ፎረምና ፓላቲን በአንድ ትኬት ለአዋቂ 18 ዩሮ ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ነፃ፤ ነፃ ቢሆንም ትኬቱ በስሙ መውጣት አለበት። ከ18 እስከ 25 ለሆኑ የሚባለው የ2 ዩሮ ዋጋ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ ልጃችሁ ርካሽ መስሏችሁ አትጫኑት። የኮሎሲየም ሽያጭ የሚከፈተው 30 ቀን ሲቀር ነው፤ በዚያው ቀን ግዙ።

ሰዓት ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባና ከአሜሪካ የመጣ ሰው በተቀላቀለበት ቡድን «በሰባት ሰዓት እንገናኝ» ማለት ቡድኑን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ ጎህ ሲቀድ ይቆማል፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ ይመጣል። በጽሑፍ በ24 ሰዓት ብቻ፦ 13:35። በቃልም «አሥራ ሦስት ከሠላሳ አምስት» በሉ። መጀመሪያ ይሳቃል፣ በሁለተኛው ቀን ይለመዳል።

ባቡር ቀላል ነው። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ። ርካሹ ዋጋ ቀድሞ ያልቃል፣ መቀየርም አይቻልም። በፈጣኑ ባቡር ወንበራችሁ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ በክልል ባቡር በወረቀት ትኬት ስትሄዱ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለችው ማሽን ማስመታት አለባችሁ፣ ያለዚያ ቅጣት ነው። ቬኒስ ስትደርሱ መስትሬ ላይ እንዳትወርዱ፤ የመጨረሻው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ነው። መስትሬ ማደር ርካሽ ነው እያሉ ሁሉም ይመክራሉ። አረጋውያንና ትልልቅ ሻንጣ ካላችሁ አልስማማም፤ በየቀኑ መመላለሱ ያደክማል። ሳንታ ሉቺያ አጠገብ፣ ድልድይ ሳይሻገሩ የሚደረስበት ሆቴል ፈልጉ።

ሮም ላይ ቀጠሯችንን ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት አደረግን። አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ነው፣ ሐውልታቸውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ስትወጡ ደግሞ የአክሱም ሐውልት በዚያው አቆጣጠር ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው ቦታ አለ፤ በ2003 ተነቅሎ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ሁለቱም ትኬት የላቸውም፣ ስምም አይጠየቅባቸውም።

የጾም ምግብ አያስቸግርም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የለበትም፣ በቤት የሚሠራው ትኩሱ ግን ብዙውን ጊዜ አለው፤ ጠይቁ። ማኪያቶ ስትሉ የሚመጣው የእኛው እንዳይመስላችሁ፤ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብታ ወተት ናት። ቆማችሁ ከጠጣችሁ ይረክሳል።

ቬኒስ በተወሰኑ ቀናት ለቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ አላት። እዚያው የሚያድር አይከፍልም፣ ግን ነፃ መሆኑን አስቀድሞ በኢንተርኔት ማስመዝገብ አለበት፤ ይህንን ጊዜ ከፓስፖርቱ ግርጌ ነው የቀዳሁት። የውሃ አውቶቡሱ አንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ፣ የ48 ሰዓቱ 35 ዩሮ ነው፤ ለሁለት ቀን ሁለተኛውን ግዙ፣ በተሳፈራችሁ ቁጥርም ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነኩ። መስመር 1ን ይዛችሁ ከጣቢያው እስከ ሳን ማርኮ ታላቁን ቦይ ዳር እስከ ዳር ታያላችሁ።

ለጋራ ወጪ ከእያንዳንዱ 200 ዩሮ ተሰብስቦ ነበር። ሲዘጋ ለሰው 11 ዩሮ ተረፈ። የእኔን ድርሻ ውጭ ለቀሩት ለሁለቱ ላካፍል አወጣሁ፤ የቤት ስሙን የላከው ተቀበለ፣ እትዬ እጄን መለሱብኝ።