አልታዘዝ ያለኝ ጀግና፦ የሦስት ሳምንት የጨዋታ ማስታወሻ ከደሴ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርታ ስጫወት ከረምኩ። ካርታ ስል በየበረንዳው በጆከር የሚጣሉበትን ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ካርታ እያወረድኩ ዋሻ የምሠራበትን ጨዋታ ነው። ስሙ ጊልድ ኦፍ ደንጅኒሪንግ ነው፤ ጋምብሪነስ የተባለ የአየርላንድ ድርጅት ሠርቶት በፈረንጆች 2015 የወጣ። አዲስ አይደለም። ላፕቶፔ ግን እኩያው ስለሆነ ተግባብተዋል፤ ሌሎች ጨዋታዎች ሲከፈቱ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ማራገቢያ በዚህኛው ዝም ይላል።

«ደንጅን» ለሚለው ቃል ሁነኛ አማርኛ አላገኘሁለትም። የምድር ቤት እስር ቤት ማለት ነው፤ እዚህ ውስጥ ግን የታሰረ ሰው የለም፣ ያለው ጭራቅና ወርቅ ነው። ስለዚህ ዋሻ እያልኩ እቀጥላለሁ። የተሻለ ቃል ያለው ይንገረኝ።

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ማታ

ሥዕሉ ካሬ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ይመስላል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ዞር ሲሉ የምንስለው ዓይነት ነው። አምስት ካርታ ይሰጥሃል፣ በአንድ ተራ እስከ ሦስት ታወርዳለህ። አንዱ ዓይነት ክፍልና መተላለፊያ ነው፤ ሌላው ጭራቅ ነው፤ ሦስተኛው ሀብት። ክፍል ከክፍል ትገጥማለህ፣ ጭራቁን መንገድ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ወርቁን ጥግ ላይ ትወሽቃለህ። ከዚያ ጀግናው ይራመዳል። ወዴት? ወደፈለገው።

የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ያማረ መተላለፊያ ሠራሁለት፤ ፊቱን አዙሮ ሌላ ክፍል ገባ። ማውሱን ብጫን፣ ቀስቶቹን ብነካካ ንቅንቅ የለም። ጨዋታው የተበላሸ መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት። አልተበላሸም። እንዲህ ነው የተሠራው፦ ዋሻው የአንተ ነው፣ እግሩ ግን የእርሱ ነው።

ከዚህ በፊት ብዙ ሰዓት የጨረስኩት ስሌይ ዘ ስፓየር የተባለ ሌላ የኮምፒውተር ካርታ ጨዋታ ላይ ነበር። እዚያ መንገዱን የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ካርታህም እስከ መጨረሻው አብሮህ ይወጣል። የመጀመሪያው ተዋጊ በአሥር ካርታ ይነሣል፦ አምስት መምቻ፣ አራት መከላከያ፣ አንድ ደግሞ ጠላትን ለምት የሚያጋልጥ። ዋናው ጥበብ የካርታህ ክምር እንዳይንዛዛ መጠበቅ ነው። ይህን ልማድ ይዤ መግባቴ ጎዳኝ። እዚህ ካርታ የሚመጣው ከልብስና ከመሣሪያ ነው። ቆብ ስታደርግ ቆቡ የራሱን ካርታ ይዞ ይመጣል፤ ስታወልቀው ካርታውም አብሮት ይሄዳል። ዋሻው ሲያልቅ ደግሞ ቆቡም፣ ሰይፉም፣ ያደገበት ደረጃም ይቀርና ጀግናው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጀግኖቹን ወደ ዋሻ ለሚልከው ማኅበር (ስሙ ላይ ያለው «ጊልድ» እርሱ ነው) የሚተርፈው ወርቁ ነው። በወርቁ አዲስ ክፍል ይሠራል፤ ክፍሉም አዲስ ዓይነት ተዋጊ ይስባል።

መጀመሪያ የሚሰጥህ ተዋጊ የማዕረግ ስሙ ራሱ «ሞኝ» እንደማለት ነው። በዚያች ማታ ሦስት ሞኞች ሞቱብኝ። ሲሞቱ የማኅበሩ መካነ መቃብር ውስጥ ድንጋይ ይቆምላቸዋል፣ ወዲያው ተተኪ ይመጣል። ማኅበሩ እኛ ቅሬ የምንለውን፣ ሌላው ዕድር የሚለውን ነው የመሰለኝ፤ ልዩነቱ የቅሬው ዳኛ እኔው፣ ገዳዩም እኔው መሆኔ ነው።

ደግሞ አዝማሪ አለው። ጀግናህ ሲሞት ክራሩን ይዞ እየዘፈነ ይሳለቅብሃል። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ከጓዳ ሆና ግን «ምነው ልጄ፣ ማን ነው የሚሰድብህ?» አለችኝ። ከዜማው ነው ያወቀችው። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው የሚያዜሙትን ላሊበሎች ስትሰማ ያደገች ሴት ምርቃትና እርግማን ቃሉን ሳትሰማ ትለያለች።

እሑድ

አንድ ጦርነት ልንገራችሁ። የጭራቁ ካርታ ቀድሞ ተገልብጦ ይታያል፤ አንተ ያንን አይተህ ነው የምትመልሰው። ጭራቁ ሦስት ልብ ቀርቶታል፣ የእኔ ሰው ሁለት፤ ልብ ማለት ነፍስ ነው፣ ካለቀ ሞት ነው። ጭራቁ ያወጣው ካርታ በአስማት ሁለት ልብ የሚያጠፋ ነው። እጄ ላይ ካሉት መካከል አንዱ በሰይፍ ሁለት ይመታል፤ ሌላው በሰይፍ አንድ መትቶ አንድ የአስማት ምት ይመክታል። ሁለት የሚመታው ዓይኔን ሳበው፣ አወረድኩት። ጭራቁ አንድ ልብ ቀረው፤ የእኔ ሰው ሞተ። አዝማሪው መጣ።

ሌላኛውን ባወርድ ጭራቁ ሁለት፣ እኔ አንድ ሆነን ወደሚቀጥለው ተራ እንሻገር ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያውቀው መደመርና መቀነስ ነው። ግን «ትልቁን ምት» የሚያወርደው እጅ ከጭንቅላት ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ የጭራቁን ካርታ ድምፄን አውጥቼ ሳላነብ ምንም አላወርድም። ሰይፍ ነው ወይስ አስማት? ስንት? እናቴ አሁን ብቻዬን ማውራት የጀመርኩ ይመስላታል።

ማክሰኞ። መብራት የለም።

ረቡዕ። እስከ ሦስት ሰዓት የለም። ከዚያ አንድ ዋሻ አሸነፍኩ! በዕድል ነው፤ ምንም አልተማርኩበትም።

ሁለተኛው እሑድ፣ እንግዶች

ቡና ተፈልቶ ሦስት ሰው ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ስሜታቸውን ነበር የፈለግኩት፤ ምክንያቱም እኔ ንዴቴን ለምጄዋለሁ።

ጎረቤታችን ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱ ሹፌር ናቸው። የሐረጎን ቁልቁለት በጭጋግ ሲወርዱ ዓይናቸው የማይርገበገብ ሰው እዚህ ላይ አምስት ደቂቃ አልቆዩም። «ቆይ አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «መንገዱን እኔ ሠርቼ መሪውን ለዚህ ጅል ልስጥ?» አስረዳኋቸው። «እንግዲያ እኔ ምንድን ነኝ፣ መንገድ ሥራ ነኝ?» ብለው ስኒያቸውን አነሡ። ከዚህ የተሻለ የጨዋታው መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም።

የሒሳብ መምህር የሆነው ጓደኛዬ ተቃራኒው ነው። ጦርነቱን ወደደው፣ ግንባታውን ናቀው። ከሦስት ካርታ አንዱን ሲመርጥ ጭራቁ ቀጥሎ ምን ሊያወጣ እንደሚችል እየቆጠረ ነው። አንድ ጥሩ ነገር አሳየኝ፦ ሰይፉ ለጉልበት፣ ቆቡ ለአስማት፣ ልብሱ ለሌላ ከሆነ እጅህ ላይ የሚመጣው የማይገጣጠም ቅራቅንቦ ነው። ሁለቱን መሣሪያ ወደ አንድ ዓይነት ስታደርግ ግን የሚያስፈልግህ ካርታ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እኔ እስከዚያ ቀን ያማረውን እየመረጥኩ አለብሰው ነበር።

ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሳትጠየቅ ወንበሩን ያዘች። ሹፌሩ የጠሉትን ነገር እርሷ ጨዋታው ያ መሆኑን ወዲያው ገባት። «አጎቴ፣ አትግፋው እንጂ። ዶሮ ስትጠራ ጥሬ ትበትንላት የለ? ለእርሱም በትንለት።» ሀብቱን አንድ በአንድ በየክፍሉ አስቀመጠች፤ ያ ለእኔ ጀርባውን ሲሰጠኝ የሰነበተ ሞኝ እየለቀመ መጣላት። ለካ ሀብት ሽልማት ብቻ አይደለም፣ መሪም ነው። ሀብቱን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ከደረደርከው ቀሪውን ጉዞ ያለ መሪ ትጓዛለህ።

ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩትን አደረገች፤ ጭራቅ ፊቱ ላይ አስቀመጠችበት። «ለምን?» አልኳት። «ይደግ ብዬ ነዋ።»

እኔ ለአንድ ሳምንት ሙሉ እያዘንኩለት ጭራቆቹን ሩቅ ጥግ ላይ እየደበቅኩ ነበር። ጀግናው ግን ደረጃው የሚያድገው ልኩን ጭራቅ ሲያሸንፍ ነው፤ ቆብና ሰይፍም የሚያገኘው ካሸነፈው ላይ ነው። እኔ የጠበቅኩት ጀግና ንፁሕ ልብስ ለብሶ፣ አንድ ጭረት ሳያገኘው፣ አለቃው ጭራቅ ዘንድ ይደርስና በሦስት ተራ ያልቅ ነበር። እርሷ ትንሽ ጭራቅ፣ ትንሽ ወርቅ፣ ከፍ ያለ ጭራቅ እያለች አሳደገችው። አለቃውን ሲያገኘው የእርሷ ሰው አራት መሣሪያ ታጥቋል። አሸነፈ። እናቴ ቶናውን እየቀዳች «አብሽር፣ ካንተም ትማራለች» አለችኝ፤ ማን ከማን እንደተማረ ሳይገባት ነው ወይስ ገብቷት፣ አልጠየቅኩም።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ወረቀት

መብራቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እየሄደ ስላስቸገረን በወረቀት ሠራነው። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የተረፈ ጠንካራ ወረቀት አለ፤ ስድስት በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እያደረግን ቆረጥነው። ሥዕሉን የሣለችው የእህቴ ልጅ ናት። ዘንዶና ጅብ አለ፣ «ዱቄት የጨረሰች አይጥ» አለች፣ እናቴ ደግሞ አንድ ጭራቅ ጨምሪልኝ ብላ «አከራይ» የሚል ተጨምሯል። አከራይ ልብ አያጠፋም፤ ካሸነፈ ወርቅህን ይወስዳል።

መጀመሪያ ስልሳ ካርታ ነበር፦ ሠላሳ ክፍል፣ አሥራ ስምንት ጭራቅ፣ አሥራ ሁለት ሀብት። በውዘን ስናድል እጃችን በጭራቅ ይሞላና የምናስቀምጥበት ክፍል እናጣለን። ሠላሳ ስድስት፣ አሥራ አራትና አሥር ስናደርገው ተነፈሰ። የጅቡንም ልብ ከስድስት ወደ አራት አወረድነው፤ አምስት ልብ ያለውን ጀግና ሁለተኛው ክፍል ላይ እየጨረሰው ነበር።

ዋናው ችግር ግን የጀግናው እግር ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ያራምደዋል፤ ወረቀት ላይ ማን ያራምደው? እኔ ካራመድኩት ወደፈለግኩት ነው የምወስደው። ስለዚህ ደንብ ጻፍንለት። የሚታይ ሀብት ካለ ወደ ቅርቡ ይሄዳል። ሀብት ከሌለ ደረጃው ወደሚመጥነው ጭራቅ። ሁለት እኩል ርቀት ያለው ነገር ካለ ሳንቲም ይወረወራል፣ ዘውድ ወይስ ጎፈር።

ይህን ደንብ በያዝን በሁለተኛው ማታ የእህቴ ልጅ አፈረሰችው። በየተራው አንዲት ሳንቲም የምታህል ሀብት ከጀግናው ጀርባ ታስቀምጣለች፤ እርሱም ዞሮ ይለቅማል፤ ቀጥሎ ደግሞ በወዲያኛው በኩል። ወርቅ እየሰበሰበ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲመላለስ አመሸ፤ ከአለቃው ጋር ሳይገናኝ ሀብታም ሆነ። መምህሩ ጓደኛዬ ደንቡን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ስሕተት የለበትም። ልጅቷ አላጭበረበረችም።

የኮምፒውተሩ ጨዋታ ለምን በአንዳንድ ዋሻ ተራ እንደሚቆጥር የገባኝ ያኔ ነው። የተወሰኑ ተራዎች ሲያልፉ አለቃው ይነቃል፤ እስከዚያ ያላደግክ ወዮልህ። ስጫወት ያናደደኝ ነገር ነበር፤ ሰው የሚያቻኩል ክፋት ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለ እርሱ ጨዋታው መሰብሰብ ብቻ ይሆናል። እኛም አሥራ አምስት ተራ ብለን ወሰንን፤ በአሥራ ስድስተኛው አለቃችን ዘንዶው ከክፍሉ ወጥቶ በየተራው አንድ ክፍል ወደ ጀግናው ይቀርባል። በመጀመሪያው ሙከራ ጀግናው ስድስት ወርቅ ታቅፎ፣ ያለ ሰይፍ፣ ዝግ መተላለፊያ ውስጥ ተያዘ። ልጅቷ ሳቀችበት፤ ቀጥላ ግን ካርታዎቹን ሰብስባ «እንደገና» አለች።

አሁን ያለንበት

በላፕቶፑ ላይ አሥራ ዘጠኝ መቃብር አለኝ፤ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ዋሻዎች አምስቱን አሸንፌአለሁ። ሹፌሩ ጎረቤታችን የኮምፒውተሩን እስከዛሬ አልነኩትም። የወረቀቱን ግን ሲያዩ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ አንዱ መንገድና ሀብት ያስቀምጥ፣ ሌላው ጭራቅ ያስቀምጥ፣ ጀግናው በመካከል ይሂድ። ሞከርነው። ጭራቅ የሚያስቀምጠው ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ትንንሾቹን ጭራቆች እጁ ላይ ደብቆ ትልልቆቹን ብቻ ያወርዳል፣ ጀግናው የሚያድግበት ያጣል። «ከአንድ ትልቅ በፊት ሁለት ትንሽ ማውረድ ግዴታ ነው» የሚል ደንብ ልንሞክር አስበናል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ትልቁን ጭራቅ ለማውረድ ከጀግናው ወርቅ የተወሰነ ይከፈል ይላል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ የሁለት ሰው ጨዋታ በወረቀት የሞከረ ካለ የጭራቁን ወገን በምን እንዳሰራችሁት ጻፉልኝ። የካርታዎቹን ሥዕል የሚፈልግ ካለም ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፤ አይጧ በተለይ ያማረች ናት።