ከጥፍር ሥር የተደበቀ የግሎመስ ዕጢ፦ እንዴት እንደማገኘውና እንደማወጣው

የጣት ጫፍ ሕመም ለዓመታት «ሪህ ነው»፣ «ነርቭ ነው» እየተባለ ክኒን ሲታዘዝለት ከቆየ፣ ስለ ግሎመስ ዕጢ (በቆዳ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች አካባቢ የሚነሣ ትንሽ እባጭ) ማሰብ ግድ ነው። ካንሰር አይደለም፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ሕመሙ ግን እንቅልፍ ይነሣል።

መጀመሪያ የምጠይቀው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይብስ እንደሆነ ነው። ቀጥዬ በስፒል ራስ ጥፍሩን ነጥብ በነጥብ እጫናለሁ። ዕጢው ካለ አንዲት ነጥብ ላይ በሽተኛው እጁን ይነጥቃል፤ 2 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ሲባል ምንም የለም። ከዚያ ክንዱን ከፍ አድርጌ የደም ግፊት መለኪያውን ከላይኛው የደም ግፊት በላይ እነፋለሁ፤ ያው ነጥብ ሲጫን ሕመሙ ይጠፋል፣ አየሩ ሲለቀቅ ይመለሳል። ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ደም ሲቋረጥበት ይረግባል።

ኤክስሬይ አንዳንዴ አጥንቱ ላይ የተቦረቦረ ቦታ ያሳያል። ኤምአርአይ ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም በጣም ትንሹን ዕጢ ሊስተው ይችላል። በእጅ የተደረጉት ምርመራዎች ዕጢውን በግልጽ እያመለከቱ «ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው» ብሎ በሽተኛን መሸኘት ተገቢ አይመስለኝም።

የሚያመውን ነጥብ ምልክት የማደርገው ማደንዘዣ ከመስጠቴ በፊት ነው፤ ጣቱ ከደነዘዘ በኋላ ቦታውን የሚነግረን የለም። 1% ሊዶኬይን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር በጣቱ ሥር በሁለቱም ወገን እወጋለሁ። ደም እንዳይፈስ ጣቱን ከሥሩ የማስረው ደሙን ጨምቄ ሳላወጣ፣ እጁን ከፍ በማድረግ ብቻ ነው። ደሙ ጨርሶ ከወጣ ዕጢው ይገረጣል፤ ከአካባቢው ሥጋ መለየትም ይቸግራል። ማሰሪያው ላይ መቆንጠጫ አንጠለጥላለሁ፤ ተረስቶ የቀረ ማሰሪያ ጣት ያሳጣል።

ዕጢው መሐል ላይ ከሆነ ጥፍሩን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ሥጋ በቁመቱ እሰነጥቃለሁ፤ ወደ ዳር ካዘነበለ በጎን እገባለሁ፣ ጥፍሩም ይተርፋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ሽፋን ያለው፣ ግራጫ ወይም ሮዝማ ፍሬ ነው። ሳይፈርስ ከነሽፋኑ መውጣት አለበት፤ ቁራጭ ከቀረ ሕመሙ ይመለሳል። ሥጋውን በ6-0 (በጣም ቀጭን) የሚሟሟ ክር ሰፍቼ ጥፍሩን አጥቤ እመልሰዋለሁ፤ እንደ ሽፋን ያገለግላል። ስፌቱ ካልተገጣጠመ አዲሱ ጥፍር ተሰንጥቆ ይወጣል። ናሙናው ትንሽ ቢሆንም እንዳይበላሽ በፎርማሊን ተነክሮ ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ይሄዳል።

ከ3 ወር በኋላም የሚያም ከሆነ የቀረ ወይም ሁለተኛ ዕጢ ይፈለጋል። በብዙ ጣቶች ላይ ከታየ ቆዳውን በሙሉ እመረምራለሁ፤ ቡና ወተት የሚመስሉ ነጠብጣቦች ካሉ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ አንድ የሚባለው የዘረ መል በሽታ ሊሆን ይችላል። ጉልበት አካባቢ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳታል፤ እዚያም ሳይታወቅ የሚያቆየው ነጥቧን በጣት ጫፍ ፈልጎ የሚጫን ሰው መጥፋቱ ነው።