በ14 ቁልፍ ጀምሬ በ13 የጨረስኩት የዘይት ቅየራ

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር። ማክሰኞ ማታ ጨረስኩ።

መኪናዬ ያሪስ ናት፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር። ዘይቷን ሁልጊዜ ጋራዥ ነበር የማስቀይረው። በዚያ እሁድ ራሴ ልሞክር ያልኩት ብር ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ከነጣሳው በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው። ሥራው ደግሞ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሞተሩ ትንሽ ይሞቃል፣ ከሥር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ይፈታል፣ አሮጌው ዘይት ይወርዳል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ብሎኑ ይመለሳል፣ አዲሱ ይሞላል። በቃ።

ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሞቅኩ። ፊቷን በክሪክ አነሳሁና ግራና ቀኝ ብሎኬት ደገፍኩ። ካርቶን አነጠፍኩ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዤ ከሥር ገባሁ። (ሳፋውን ሳላስፈቅድ መውሰዴ ሌላ ታሪክ አለው።) ብሎኑ ባለ 14 ነው፣ የራሱ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ14 ቁልፍ ያዝኩትና ሳብኩ። ምንም። ሁለት እጄን አድርጌ ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም። እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ሳብኩ። ቁልፉ ተንሸራተተና የእጄ አንጓ ሻሲው ላይ አረፈ። ደም።

ከሥር ሆኜ እየተሳደብኩ ሳለ አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

«አንተ ልጅ፣ ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው መካኒክ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወጣሁ። ጣታቸውን ብሎኬቱ ላይ ቀስረው፣ «ይቺን በዚህ ላይ ሰቅለህ ነው ከሥሯ የተኛኸው?» አሉኝ። ምን ችግር አለው፣ ሰፈሩ ሁሉ በብሎኬት አይደል እንዴ የሚደግፈው ልል ነበር። ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ግድግዳ ውስጥ ሲሆን ሸክሙን ተካፍሎ ይችላል። የመኪና ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲጫነው ግን ብረት እንደሚጎብጠው ጎብጦ አያስጠነቅቅም፣ በአንዴ ይፈርሳል። እኔ ደግሞ ከሥር ተኝቼ መኪናዋን እየወዘወዝኳት ነበር። ክሪክም ለማንሳት እንጂ ለመተኛት አይታመንም። ከበረንዳቸው ሁለት የብረት መደገፊያ አምጥተው አስቀመጡልኝ። ትርፍ ጎማውንም በጎን ከሥር አስገቡ፣ ሁሉም ነገር ቢከዳ ጎማው ይይዛታል ብለው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ስለ ብሎን ሳይሆን ይሄንን እናገራለሁ።

ቀጥሎ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን የበለጠ አሳፈረኝ። «እየፈታኸው ነው ወይስ እያጠበቅኸው?»

እየፈታሁት ነዋ! ብሎን ወደ ግራ አይደል የሚፈታው? ጋሼ መሬት ላይ የወደቀ ሃይላንድ አነሱና አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀው ሰጡኝ። «ክፈተው» አሉ። ከፈትኩት። እጄ የዞረበትን አቅጣጫ ሳየው ከመኪናዋ ሥር ስስብ ከነበረው ተቃራኒ ሆነ። በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ ሲታይ ግራና ቀኝ ይምታታል። ለሩብ ሰዓት ያህል ስታገል የኖርኩት ያልተፈታ ብሎንን ይበልጥ ለማጥበቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አስቸጋሪ ብሎን ከመንካቴ በፊት ጠርሙስ አፉን ብሎኑ ወዳየበት አቅጣጫ አዙሬ እከፍታለሁ። ልጆች የሚስቁብኝ ከሆነ ይሳቁ።

አቅጣጫው ተስተካክሎም ብሎኑ እሺ አላለም። ይባስ ብሎ ቁልፉ አሁን መያዝ አቃተው። በባትሪ ስናየው ስድስቱ ማዕዘኖች ተበልተው ሊከቡ ደርሰዋል። ጥፋቱ የኔና የቁልፌ ነው። አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ ብሎኑን በሁለት በኩል ብቻ ነው የሚነክሰው። ኃይል ሲበዛበት አፉ ይከፈትና ማዕዘኑን ይልጣል። እጀታ ላይ የሚገጠመው ቡሶላ ቢሆን ዙሪያውን አልብሶ ይይዘዋል። ያውም ውስጡ ስድስት ማዕዘን ያለው መሆን አለበት፤ አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ለጠበቀ ብሎን አይሆንም፣ እሱም ጫፍ ጫፉን ነው የሚይዘው። እኔ ቡሶላ ነበረኝ። ሳጥን ከፍቶ ማውጣት ስለሰነፍኩ ብቻ ነው በእጄ በገባው ቁልፍ የጀመርኩት።

«ደብሊው ዲ 40 ልንፋበት?» አልኳቸው፣ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬዩን። ሳቁ። ዝገት ለያዘው ብሎን፣ ለጭስ ማውጫ ወይም ለጎማ፣ ጥሩ ነው አሉ። የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ግን ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱ ዘይት ውስጥ ነው። ዝገት አይደለም የያዘው። የያዘው ያለ ልክ ያጠበቀው ሰው ነው። ስለዚህ የሚረጭ ነገር ብዙም አይፈይድም፣ እንዲያውም የብሎኑን ራስ አሙልጮ ቁልፉን ያንሸራትታል። በቤንዚን አጥበን በጨርቅ አደረቅነው። እሳትማ አይታሰብም። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት ውስጥ ዘይት አለ፣ ዙሪያው ጎማና ፕላስቲክ ነው።

ጋሼ መዶሻ ያዙና የብሎኑን ራስ ፊት ለፊት፣ ቀጥ አድርገው ሦስት አራት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረጉት። ለመስበር አይደለም። ብሎኑና ከራሱ ሥር የሚገባው ቀለበት፣ ሮንዴላው፣ ሲጣበቁ የፈጠሩትን ይዞታ ለማላላት ነው። ሲመቱም ይጠነቀቁ ነበር። የዚህች መኪና የቋቱ ታችኛው ክፍል ላሜራ ነው፤ ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ላሜራው ላይ የተበየደ ነው። በጎን ከተመታ ወይም በጭፍን ከተጠመዘዘ ብየዳው ሊለቅ ይችላል። ያኔ የአንድ ብሎን ጣጣ የሙሉ ቋት ጣጣ ይሆናል።

ከዚያ፣ «13 ቡሶላ አለህ?» አሉ።

ብሎኑ 14 ነው እኮ! አሁን ግን 14 አይደለም፤ ማዕዘኑ ስለተበላ ቀጥኗል። 14 ይለቀዋል፣ 13 አይገባለትም። አለመግባቱ ነው የተፈለገው። ባለ ስድስት ማዕዘን 13 ቡሶላ በመዶሻ እየመቱ ብሎኑ ላይ በግድ ያለብሱታል። ጠርዙን እየቆረጠ ይገባና ጥርቅም ብሎ ይነክሰዋል። የእርሳቸው የጀርመን ቡሶላ አጠገባችን ተቀምጧል። ላነሳው ስል እጄን መለሱት። «የኔ አይሆንም። ያንተን ርካሹን አምጣ።»

ርካሹ ቡሶላዬ በስድስተኛው ምት ጥግ ድረስ ገባ። ረጅም እጀታ ገጠምን። እኔ ልስብ ስል አሁንም ከለከሉኝ። ቀስ እያሉ ኃይል መጨመር የተላጠውን ይብሱን ይልጠዋል አሉ። አንድ እጄን ቡሶላው ላይ አድርጌ እንዳይወጣ ገፋሁት። በሌላኛው እጀታውን ወጥሬ ያዝኩ። እርሳቸው የእጀታውን ጫፍ በመዶሻ ጠቅ አደረጉት። አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው «ቷ!» አለ።

ልቤ ቀጥ አለ። ተሰበረ ብዬ ነበር። ተፈቷል።

የቀረው በጣት ነው። ዘይቱ ለብ ብሎ ነበር፤ ትኩስ ቢሆን ኖሮ ክንዴ ላይ ቆዳ አይተርፍም። በእጅጌዬ ገብቶ ክርኔ ድረስ ወረደ። ብሎኑ ከነቡሶላው ሳፋው ውስጥ ጠለቀ።

አውጥተን ስናጥበው ምስጢሩ ወጣ። ሥሩ ላይ ሁለት ሮንዴላ ተደራርቧል። ከዚህ በፊት ዘይት የቀየረልኝ ሰው የድሮውን ሳያወጣ አዲሱን ደርቦበታል። ሁለት ሮንዴላ በደንብ አይገጥምም፣ ያንጠባጥባል። ሲያንጠባጥብበት መፍትሔው ማጥበቅ መሰለው። አሁንም ሲያንጠባጥብ አሁንም አጠበቀ። ምናልባት የቁልፉን እጀታ ለማስረዘም ቱቦ ቀጥሎበት ይሆናል። የዚህ ሞተር ብሎን የሚፈልገው 38 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ክብደት ማለት ነው፤ አንድ እጅ፣ ያለ ጩኸት። በዚያው እጀታ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆምበት ከሚፈለገው አራት እጥፍ በላይ ያልፋል።

እሁድ ከሰዓት ስለዚህ ይህን ይመስል ነበር፤ ዘይት የሌላት መኪና፣ ራሱ የተላጠ ብሎን፣ የተዘጉ ሱቆች። ዘይቱንና ፊልትሮውን አስቀድሜ ገዝቻለሁ። ትርፍ ብሎንና ሮንዴላ ግን ትዝም አላለኝም። ሰኞ በሚኒባስ ሥራ ሄድኩ።

በምሳ ሰዓት መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ብሎኑ ከቡሶላው ውስጥ አልወጣ ስላለ ሁለቱንም በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። ሻጩ አገላብጦ አየውና ለጎረቤቱ ጠርቶ አሳየው። ተሳሳቁ። ደግነቱ ጥርሱ ደህና ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር። ውፍረቱ ያው 12 ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.5 የሆነ ብሎንም አለ፤ በዓይን አይለይም። ሲጀምር ይገባል፣ በቁልፍ ሲገፉት የዳዶውን ጥርስ እየበላ ይሄዳል። ያኔ ቶርኖ ቤት ነው መጨረሻው። ስለዚህ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ጥርስ በጥርስ አነባብሬ ወደ ብርሃን ያዝኩት። በመካከላቸው ብርሃን አላለፈም። ገዛሁት፣ ሮንዴላ አምስት ጨመርኩ።

ሰኞ ማታ የሰኔ ዝናብ አላስጠጋ አለ። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ቀጠልኩ። የቋቱን አፍ በጨርቅ ጠርጌ አዲሱን ብሎን በጣቴ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገባሁት። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ቁልፍ የሚፈልግ ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል። አንድ ሮንዴላ፣ አንድ! ጋሼ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንቻቸውን፣ አዋሱኝ፣ 38 ላይ «ጠቅ» አለ። ይሄ ብቻ ነው? አልኩ። ይሄ ብቻ ነው።

ፊልትሮው አላስቸገረም። የጎማ ቀለበቱን አዲስ ዘይት ቀባሁ፣ የአሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን አየሁ፣ በእጄ አጠበቅኩ። ከነፊልትሮ 3.7 ሊትር ነው የምትወስደው። 3.5 ሞልቼ፣ አስነስቼ፣ አጥፍቼ፣ ጥቂት ጠብቄ በመለኪያው እያየሁ ጨመርኩ። ከብሎኑ ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር።

አሮጌውን ዘይት የጊቢው ጥበቃ ለአጥር እንጨት፣ ለምስጥ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ ግን ከቆዳ ጋር አይስማማም፣ አፈርም ያበላሻል ብለው በጄሪካን አድርጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ እንድሰጥ አደረጉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ብሎኑ በአንድ እጅ ይፈታል። ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ ስኒያቸውን ይዘው ወጥተው ቆመዋል፤ የሚያዩት ነገር ስላጡ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። የተላጠው ብሎን እስካሁን ከቡሶላዬ ውስጥ አልወጣም። 13 ስፈልግ ከእርሳቸው እዋሳለሁ፣ ጀርመኑን፣ መዶሻ አላስነካውም ብዬ ምዬ።