በለስና እንጆሪ፣ በዝናብ ቀን

ዛሬ ከሰዓት አራት ኪሎ ዶፉን ለቀቀችው። መውጣት የለም፣ ኦቨን ማብራት ነው።

ጎረቤታችን እማማ ከግቢያቸው ዛፍ የለቀሙትን በለስ ልከውልኝ ነበር። እናቴን በስልክ «በለስ ልጋግር ነው» ስላት «እሾኹን በደንብ ጠረግሽው?» አለችኝ። ቁልቋሉ መስሏት! አይ እማዬ፣ ይሄ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ያገለደሙት ነው።

በለሱን አራት አራት ቦታ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሮዝ፣ ጥቃቅን ፍሬ የሞላበት። ብቻውን ጣፋጭነቱ ስለሚበዛ ግማሽ ኪሎ እንጆሪና የሎሚ ጭማቂ ጨመርኩበት። ከላዩ አጃ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቀረፋ። የገበታ ቅቤው ከፍሪጅ እንደወጣ በጣት ጫፍ ይታሻል እንጂ አይቀልጥም። ከቀለጠ መንኮሻኮሹ ቀረ።

180 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ። 25ኛው ላይ መብራት ድርግም! ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ሳልከፍት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ደግነቱ ብዙ አልቆየም። ጭማቂው በጠርዙ በኩል ቀይ ሆኖ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አወጣሁት። ላዩ ትንሽ ጠቁሯል፣ ይሁን።

ለእማማም በሳህን ወሰድኩላቸው። ቀመስ አደረጉና «ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ኬክ?» አሉኝ። ሳህኑን ጠርገው ሲጨርሱ ግን «ነገም በለስ እልክልሻለሁ» አሉ።