ፈንጣጣ ያወጣው ፎቶግራፍ

ስካን የተደረገ ፎቶግራፍ አላምር ሲል የእኛ ሙያ ሰዎች መጀመሪያ የሚከሱት ቁጥሩን፣ ማለትም ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነባቸውን ነጥቦች ብዛት ነው። «በስንት አነሣኸው? በ300? ከፍ አድርገው!» ይባላል። ከፍ ይደረጋል፤ ፋይሉ ያብጣል፤ ኮምፒውተሩ ያቃስታል፤ ፎቶው ግን እንዳለ ነው። ደሴ ፒያሳ በምሠራበት ፎቶ ቤት ይህንን ልማድ ያስተወን አንድ ሐጂ ያመጡት የእናታቸው ፎቶግራፍ ነው።

ሐጂ መጀመሪያ የዘረጉልን ሌላ ፎቶ ቤት ስካን አድርጎ፣ አሳድጎ ያተመላቸውን ነበር። ተቆጥተዋል። «እናቴ ጠባሳ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ እነዚህ ሰዎች ፈንጣጣ አስወጡባት!» እውነታቸውን ነው። ከግንባር እስከ አንገት ጥቃቅን ጉድጓዶች በተርታ ተደርድረው ይታያሉ።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ዋናውን ይዘዋል?»

ከደረት ኪሳቸው፣ ከፕላስቲክ ውስጥ አወጡት። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር፣ መልኩ ወደ ቀይ ያደላ፤ የዚያ ዘመን ባለ ቀለም ፎቶዎች ብዙዎቹ ሲያረጁ እንዲህ ይቀላሉ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ጋደል ሳደርገው ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱ ልሙጥ አይደለም፤ ገጹ በሙሉ ጥቃቅን ጉብታ አለው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በሰፊው ይታተምበት የነበረ ወረቀት ነው፤ የጣት አሻራና ጭረት ስለማያጎላ ይወደድ ነበር።

ጉብታው በዓይን ሲታይ አያስቸግርም። በብዙ ስካነሮች ውስጥ ግን መብራቱ ከማንበቢያው በአንድ ጎን ብቻ የተተከለ ነው፤ ብርሃኑ በሰያፍ ሲወድቅ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል። ይህን ፎቶ ሦስት እጥፍ አሳድጎ በ300 ለማተም በ900 ነጥብ በኢንች ማንሣት ይበቃል። ከዚያ በላይ መውጣት የሚያጠራው ጥላውን እንጂ ፊቱን አይደለም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እጁ ፈጣን ነው፤ እኔ ከሐጂ ጋር ስነጋገር በፎቶሾፕ አለስልሶ ፊቱን አጸዳው። ሐጂ ስክሪኑን ትንሽ አይተው ጣታቸውን አገጩ ላይ አሳረፉ። «ማርያቷስ?» ከከንፈር ዝቅ ብላ የነበረችው ጥቁር ነጥብ ከጉድጓዶቹ ጋር አብራ ተጠርጋለች። ማለስለሻው ጥላን ከማርያት ለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ከስካነሩ ብርሃን ጋር ተነጋገርን። ራስ ሰር የቀለምና የብርሃን ማስተካከያውን አጥፍተን አንድ ጊዜ አነሣን። ከዚያ ፎቶውን መስታወቱ ላይ 180 ዲግሪ አዙረን በዚያው ልክ ደገምን። ሁለተኛውን በኮምፒውተር አቃንተን በመጀመሪያው ላይ ደረብነውና ግልጽነቱን 50 በመቶ አደረግን። በአንደኛው ከጉብታው በላይ የወደቀው ጥላ በሌላው ከታች ይወድቃል፤ ሲደራረቡ ይጣፋሉ። አድካሚው ማገጣጠሙ ነው፤ ትንሽ ከተዛነፈ ፊቱ ሁሉ ይደበዝዛል። ያቺን ማርያት ምልክት አድርገን፣ አንዷ በሌላዋ ላይ እስክታርፍ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ገፋን።

ጉድጓዱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ጉንጭ ላይ ደብዘዝ ያለ አሻራ አለ። ሐጂ ግን ማርያቷን ሲያዩ «አሁን እሷ ናት» አሉ፤ ስለ ሌላው አልጠየቁም። ክርክሩ ሒሳብ ላይ ሆነ። የወሎ ሰው ምርቃት እየደረበ ዋጋ ማስቀነስ ሲችልበት ለጉድ ነው፤ ለእኔም ለልጅ ልጆቼም ተመርቆልኝ ምን ብዬ እሟገታለሁ?

ልጁ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ አዙሮ መድገም ጀመረ። አንድ ሠዓሊ የጦሳን ተራራ ከነጉሙ በውሃ ቀለም ሥሎ ለኅትመት እንድናነሣለት አመጣ፤ ወረቀቱ ሻካራ ነው። ልጁ እንደለመደው ደራርቦ ሻካራነቱን አጠፋለት። ሠዓሊው ውጤቱን አይቶ «ወረቀቴን ምን አደረጋችሁት?» አለ። እሱ ብሩሹን የጎተተው ቀለሙ ጉብታው ላይ እንዲይዝ፣ ስርጉዱ ነጭ እንዲቀር አስቦ ነው። ለሐጂ ጠላት የነበረው ጥላ ለእሱ የሥዕሉ አካል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ማንሣት በቂ ነው፤ አቀማመጡ ግን ይቆጠራል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ሲመጣ ስለለመደ፣ ጥላው ወደ ላይ ከወደቀ ጉብታው ጉድጓድ ይመስላል። ሥዕሉን መስታወቱ ላይ አዙረን ጥላው ወደ ታች እንዲወድቅ አድርገን አነሣነው። ሠዓሊው ሁለቱን አስተያየና ይህንን ወሰደ፤ ያኛውን ፊቱ እንድናጠፋው አድርጎ፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለንም አስምሎን ሄደ።